ቀኖናዬ ሁለት እንቁላል ነበር

ነገሩን መጀመሪያ የነገረኝ ቀሚሴ ነው። የሺ እባላለሁ፤ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ያን ጊዜ ዐርባ አንድ ዓመቴ ነበር። በጥር ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ደሃና ልሄድ ለራሴ አንድ ቀሚስ ሰፋሁ። ልኬን በቃሌ ነው የማውቀው፤ ካገባሁ ወዲህ አልተለወጠም። ለብሼው መስታወት ፊት ስቆም ግን በግራ በኩል ደረቴ ላይ ሳበኝ። በቀኝ ልክክ ብሎ ተቀምጧል፣ በግራ ይጨመደዳል። መቼም ልብስ ሰፊ ጥፋቱን የሚፈልገው መቀሱ ላይ ነው። “አሳስቼ ቆርጬዋለሁ” ብዬ ስፌቱን ተረተርኩና በግራ በኩል ግማሽ ጣት ያህል ለቅቄ መልሼ ሰፋሁት። አማረብኝ። ሠርጉ ላይም ጨፈርኩበት።

ልብ በሉልኝ፤ ገላዬ ሲለወጥ እኔ ቀሚሱን አስተካከልኩ። ዛሬ ሳስበው ሳቄም ይመጣል፣ እልሄም ይመጣል።

በሚያዝያ ገላዬን ስታጠብ እጄ ነካው። ግራ ጡቴ ላይ፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ፣ ባቄላ የሚያህል ደረቅ ነገር ነበር። ስጫነው አያምም። ስለማያምም ናቅሁት። ክረምቱ ደግሞ ለኛ የሥራ ወቅት ነው፤ የነሐሴው በዓል ሻደይ ሲቃረብ የሰቆጣ ልጃገረድ ሁሉ አዲስ ቀሚስ ትፈልጋለች፣ እኔም ከሐምሌ ጀምሮ ከመኪናዬ ቀና አልልም። “ሻደይ ይለፍ” አልኩ። አለፈ። “እንግዲህ መስቀልም ደርሷል፣ መስቀል ይለፍ” አልኩ። በመስቀል ሰሞን የጡቴ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቶ አየሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔም ይህንኑ ተረት ስንቱ ላይ ስተርት ኖሬ ለራሴ ሲሆን ረሳሁት።

ለእህቴ ለሙሉ ነገርኳት። ሙሉ ታናሼ ናት፣ ግን ነገር ሲመጣ ታላቅ ትሆናለች። አልተከራከረችኝም፤ ነጠላዋን አንስታ “ተነሺ” አለችኝ። የሰቆጣው ሐኪም ዳስሶ ዳስሶ ሪፈር ጻፈልኝ። ትልቁ ሆስፒታል ሁለት ቀን ያስኬዳል፤ ወልድያ አድረን ነው የምንቀጥለው። እዚያ አልትራሳውንድ አነሱኝ፣ በመርፌ ናሙና፣ ባዮፕሲ የሚሉትን፣ ወሰዱ። ውጤቱን የነገረችኝ ዶክተር ጠና ያለች፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት።

“ካንሰር ነው” አለችኝ። “ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። ይታከማል። ጡቱ ግን መነሣት አለበት።”

ሰማሁ። አልገባኝም። እንደገና ጠየቅኋት። ያንኑ አለችኝ።

እናቴ ደሃና ነው የምትኖረው፤ ከኸምጣኛ ሌላ ብዙም አትናገርም። ለሷ በኸምጣኛ ምን ብዬ እንደምነግራት ጠፋኝ። “እባጭ አወጡልኝ” ብያት ቀረሁ፤ እስካሁን የምታውቀው ያንኑ ነው።

ባለቤቴ በሪሁን የድንጋይ ግንበኛ ነው። ከድንጋይ ጋር ውሎ ከድንጋይ የተማረ ይመስል፣ ቃል ከአፉ የሚወጣው በስንት ጊዜ አንዴ ነው። ስነግረው “መቼ ነው የምንሄደው?” ብቻ አለ። አላለቀሰም። እቅፍም አላደረገኝም። ገብቶ ሻንጣዬን አወረደ። እኔ ደግሞ ይህን ቂም አድርጌ ያዝኩበት። ሙሉ ስታለቅስ፣ ጎረቤት ሲያለቅስ፣ ሰውዬው ግን እንደ ግንቡ ቆሟል።

በኅዳር መጀመሪያ ማስቴክቶሚ፣ ጡቱን የማንሣቱ ቀዶ ሕክምና፣ ተደረገልኝ። ቁስሉ ቶሎ ደረቀ። ከዚያ ስድስት ዙር ኬሞቴራፒ ታዘዘ፤ በየሃያ አንድ ቀኑ አንድ ዙር። ለኛ አንድ ዙር ማለት ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ ነው፤ በመካከል ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ፌስታል አፍ ላይ ይዞ መቀመጥ። መጀመሪያ ሄጄ የወሰድኩ ቀን ሐኪሞቹ ለሙሉም ለእኔም ደጋግመው የነገሩን አንድ ነገር ምግብ ነበር። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ የተገኘውን። “መድኃኒቱ ክፉውንም ደጉንም ነው የሚመታው። ደጉን መልሰሽ የምትገነቢው አንቺ ነሽ” አለችኝ ዶክተሯ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ጾምኩ። ለማንም ሳልናገር ጾምኩ። ኬሞውን ስጀምር ጾመ ነቢያት አልወጣም ነበር፤ የቀረውን ጾሜ ጨረስኩት፣ ምንም አልሆንኩም። ይሄ ደፋር አደረገኝ። አራተኛውን ዙር የወሰድኩት ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሁለት እንቁላል ቀቅላ ታመጣለች። “አስቀምጪው፣ እበላዋለሁ” እላታለሁ። ስትወጣ ከስፌት መኪናዬ ሥር ካለው የቁርጥራጭ ጨርቅ ዘንቢል ውስጥ እከተዋለሁ። አንዳንዱን ለጎረቤት ውሻ ጣልኩ፤ አንዳንዱን እዚያው ረሳሁት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አልቀምስም፤ ከዚያ በኋላ እንጀራ በሽሮ፣ እሱም ከወረደልኝ ነው።

ለምን? ጡቴ ሄደ። ፀጉሬ ሄደ። ቅንድቤ ሄደ። የወር አበባዬ ቆመ። ከሰውነቴ የኔ ሆኖ የቀረ ጾሜ ብቻ መሰለኝ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ በሁዳዴ የእንቁላል ሽታ ከቤቴ ሲወጣ ጎረቤት ምን ይለኛል የሚለውም ነበረበት።

ለአምስተኛው ዙር ስሄድ ሚዛን ላይ አወጡኝ። አምስት ኪሎ ቀንሻለሁ። መድኃኒቱ የሚሰላው በኪሎና በቁመት ስለሆነ ዶክተሯ ወረቀቱን ትታ እኔን አየችኝ።

“ትበያለሽ?”

“እበላለሁ።”

“እየጾምሽ እንዳይሆን?”

“ኧረ ምን ቆርጦኝ!” አልኳት።

ጾሜን ላለመፍታት ዋሸሁ። ይታያችሁ!

የደሜ ልክ፣ ሄሞግሎቢን የሚሉት፣ ቢወርድም መስጠት የሚቻልበት ልክ ላይ ስለነበር አምስተኛውን ሰጡኝ። ሰቆጣ ተመለስኩ። በዐሥረኛው ቀን በረደኝ። ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። በረደኝ። ጋቢ ደረቡልኝ። ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። አፌ ውስጥ ቁስል ወጣ። ቆሜ ወደ ደጅ ልወጣ ስል ወለሉ መጣብኝ። በሪሁን ተሸክሞኝ ወጣ። ባጃጅ አልጠበቀም። በእግሩ ነው የሮጠው።

“ኒውትሮፔኒያ ነው” ሲል ሰማሁት የሰቆጣውን ሐኪም። “ነጭ የደም ሴሏ አልቋል ማለት ይቻላል። መከላከያ የላትም።”

ሦስት ቀን አላስታውስም። አንድ ድምፅ ብቻ ትዝ ይለኛል፤ የግሉኮሱ ማቆሚያ ብረት ሲንኳኳ። ሙሉ ለዶክተሯ ደወለች። የተባለችውን ቃል በቃል ነገረችኝ፤ “ኢንፌክሽኑ መድኃኒቱን ተከትሎ ይመጣል፣ የማንም ጥፋት ሳይሆንም ይመጣል። ግን ሰውነቷ ባዶ ነው። ስድስተኛውን የምሰጣት ከተነሣች ብቻ ነው። ካልተነሣች እዚህ ላይ አቆማለሁ።”

ማቆም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አላብራራልኝም፤ አላስፈለገኝም። የጀመርኩትን መጨረስና አለመጨረስ፣ መኖርና አለመኖር ማለት ነበር።

በዚህ መካከል በሪሁን ልብሴን ሊያመጣልኝ ቤት ሲገባ ሽታው መራው። ዘንቢሉን ገለበጠው፤ ዐሥራ አንድ እንቁላል። ሌላ ባል ቢሆን መጥቶ ይጮህብኝ ነበር። እሱ ለኔም ለሙሉም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዘንቢሉን እንዳለ ይዞ ወደ ንስሐ አባቴ ወደ መምሬ ፈንታ ሄደ። መምሬ ፈንታ ሰማንያን የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚናዝዙኝ እሳቸው ናቸው። በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ በትራቸውን ይዘው አልጋዬ ዘንድ መጡ። በሪሁን ከኋላቸው ዘንቢሉን ይዞ ቆሟል። ወይ ጉዴ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

“የሺ፣ ማነው ጹሚ ያለሽ?” አሉኝ።

“ማንም አላለኝም፣ አባ።”

“እኔን ጠየቅሽኝ?”

“አልጠየቅሁዎትም።”

“ስለምን?”

“አትጹሚ እንዳይሉኝ ብዬ ነዋ።”

ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

“የታመመ ሰው እንደማይጾም ሳታውቂ ቀርተሽ አይደለም። ይኼ ጾም አይደለም ልጄ፣ እልኸኝነት ነው። ጾምሽን ደብቀሽ፣ ሐኪሟን ዋሽተሽ፣ እህትሽን አታለሽ፤ ታዲያ ከዚህ ውስጥ ለእግዜር የሚደርሰው የቱ ነው?”

አለቀስኩ።

“ቀኖና እሰጥሻለሁ፤ ትቀበያለሽ?”

“እቀበላለሁ፣ አባ።” ስግደት ይሆናል ብዬ ነበር፤ ስግደት ቢሆን እኮ በቀለለኝ።

“እስከ ፋሲካ ድረስ ጠዋት ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ማታ ወተት። አንድ ቀን ያጎደልሽ እንደሆነ መጥተሽ ለኔ ትናዘዢያለሽ።”

መጀመሪያ ያኘኩት እንቁላል አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነብኝ። በሪሁን ራሱ ነው የቀቀለው፤ ራሱ ነው የላጠው። እሱ ይጾማል። በባዶ ሆዱ የእንቁላል ሽታ እየሸተተው ፊቴ ቁጭ ብሎ “ብይ” ይለኛል፤ ሌላ ቃል የለውም። እኔ ደግሞ ዘንቢሉን ለመምሬ ፈንታ መውሰዱን ይቅር አላልኩትም ነበርና አንድ ቀን ሳህኑን ገፍቼ፣ “ሚስቱ ስትታመም ሰው ያለቅሳል፤ አንተ ምን ዓይነት ፍጥረት ነህ? ብሞት ትገላገላለህ!” አልኩት። ሳህኑን መልሶ አስጠጋልኝ። “ብይ” አለ።

በላሁ። እስከ ፋሲካ አንድ ቀን አላጎደልኩም። ከፋሲካ በኋላ ስንሄድ ኪሎዬ በሦስት ተመልሷል፣ ነጭ ሴሌም ከልኩ ደርሷል። ዶክተሯ ወረቀቱን አይታ “ምን አደረግሽ?” አለችኝ። “ቀኖና ተሰጠኝ” አልኳት፤ ስነግራት ከወንበሯ ተነሥታ ሳቀች። ስድስተኛውን ወሰድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ሕክምናው ሲያልቅ ሰው ሁሉ “እሰይ፣ ተፈወሰች” ብሎ ወደየቤቱ ተመለሰ፤ እኔም በሳምንቱ መኪናዬ ላይ ቁጭ የምል መስሎኝ ነበር። መድከሙ ግን ከሥራ ድካም ጋር የማይገናኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ተነሥቼ ፊቴን ስታጠብ እንደገና መተኛት ያሰኘኛል፣ ጀንበር እያለች አልጋ ላይ መገኘት ደግሞ ለኛ አገር ሴት ነውር ነውና ሰው ሲገባ ቶሎ ብዬ ቁጭ እላለሁ። ይህን አታድርጉ። ተኙ። ሰው ያውራ።

ጣቶቼም ደነዘዙ። ኒውሮፓቲ ይሉታል፤ ከኬሞው የሚመጣ ነው፣ በብዙዎች ላይ ቀስ እያለ ይለቃል። ለልብስ ሰፊ ግን ጣት ማለት ዓይን ማለት ነው። አንድ ቀን ዘምዘማት ስሠራ ነጭ ጨርቅ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁና ከየት መጣ ብዬ ስፈልግ መርፌው ጣቴ ላይ ተሰክቶ ቆሟል፣ እኔ አልሰማሁትም። ጨርቁን አስቀምጬ እዬዬ ብዬ አለቀስኩ፤ ካንሰር ነው ሲሉኝ ያላለቀስኩትን ያህል ያን ቀን አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ በጣቴ የማውቀውን በዓይኔ መሥራት ተማርኩ፣ ዝግ ብዬ፣ ሰፋፊውን ስፌት ብቻ እየተቀበልኩ፤ በዓመት ከምናምን ከአውራ ጣቶቼ በስተቀር ስሜቱ ተመለሰልኝ።

ግራ እጄን ከትከሻዬ በላይ ማንሣት አልችልም ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በጣቶቼ ግድግዳ እንድወጣ አስተማረችኝ፤ ግድግዳው ፊት ቆሞ ጣትን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ማስኬድ ነው። የደረስኩበትን በልብስ ጠመኔዬ እያሰመርኩ በየቀኑ እሠራው ነበር፣ መስመሩም ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሄደ። በአራተኛው ወር ግን ጉራ ተነሣብኝ። ድኛለሁ ለማለት፣ ሰው እያየኝ፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውኃ በግራ እጄ አንጠልጥዬ ከቦኖው ቤት ደረስኩ። በማግሥቱ እጄ አብጦ ቀለበቴ አልወጣ አለ። ሊምፍዴማ ነው፤ ከብብቱ እጢ የወጣለት ሰው ከባድ ነገር በዚያ እጁ አይሸከምም፣ በዚያ እጁ ደም ግፊት አይለካም፣ መርፌም አይወጋም፣ ከእሳትና ከእሾህም ይጠበቃል። ተነግሮኝ ነበር። አብጦ ሳየው ነው ያመንኩት። የጠመኔው መስመር ወደ ታች ወረደ፣ ሁለት ወር እጄን በፋሻ ጠቅልዬ ከርሜ እንደገና ወደ ላይ ጀመርኩ።

ታሞክሲፌን የሚባል ክኒን፣ ካንሰሩ እንዳይመለስ፣ በየቀኑ ለአምስት ዓመት እንድውጥ ታዟል። እሱም የራሱ ጠባይ አለው። ገበያ መሀል ድንገት ከደረቴ እሳት ይነሣና ላብ በላብ እሆናለሁ፤ በብርድ አገር ነጠላዬን አውልቄ ስናፈስ ሴቶቹ “ምነው የሺ፣ አበርገሌ ቆላ የወረድሽ መሰለሽ?” እያሉ ይስቁብኛል። እስቃለሁ እኔም። ፀጉሬ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ሉጫ የነበረው ተጠቅልሎ በቀለ። ሙሉ “እንኳን ታመምሽ፣ አማረብሽ” ትለኛለች፤ እንዲህ የምትል እህት ያላት ሰው ብዙ ነገር አላት።

ከሁሉ የከፋው ግን ፍርሃቱ ነው። ወገቤን ሲያመኝ አጥንቴ ገባ እላለሁ፤ ራሴን ሲያመኝ ራሴ ላይ ወጣ እላለሁ። በሦስተኛው ዓመት ሳል ያዘኝና ሦስት ሳምንት አለቀቀኝም። የድሮዋ የሺ ብትሆን “ጥምቀት ይለፍ” ትል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ግን በሪሁንን ከሥራው ቦታ ሄጄ ጠራሁትና “ሳሉን አልወደድኩትም” አልኩት። መዶሻውን እዚያው አስቀመጠ። በነጋታው መንገድ ላይ ነበርን።

ራጅ አነሡኝ፣ ሆዴን በአልትራሳውንድ አዩኝ፣ ደም ቀዱ። ዶክተሯ ጠራችኝ። በሪሁን ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቀረ።

“ሳንባሽ ንጹሕ ነው” አለችኝ። “የቆየ ብሮንካይት ነው። ዛሬ የሚታይ ካንሰር የለም።”

“ድኛለሁ ማለት ነው?”

“ይህን ቃል አልሰጥሽም። ዛሬ ግን የለም። በስድስት ወር ነይ።”

ወጥቼ ነገርኩት። “የለም አለች” አልኩት። በሪሁን አየኝ። ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጋቢውን ፊቱ ላይ አደረገ። ከዚያ አለቀሰ። እንዲያ ያለ ለቅሶ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም፤ አባቱ ሲሞትም አልሰማሁም። ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት አሮጊት ሬሳ የወጣ መስሏቸው መጥተው ትከሻውን ይዘው “እግዜር ያጥናህ ልጄ” አሉት። “ኧረ አልሞተብንም እናቴ፣ አለን!” አልኳቸው፤ እየሳቅሁም እያለቀስኩም ነበር።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሲረጋለት፣ “ሦስት ዓመት ሙሉ እኮ ትንፋሽሽን ሳዳምጥ ነው የማድረው” አለኝ። “ዝም ያልሽ ሲመስለኝ ጆሮዬን አስጠጋለሁ።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“የታመምሽው አንቺ፤ እኔ ምን ብዬ?”

ይህን ጽሑፍ ለምታነቡ ታማሚዎች የምለው ብዙ ነው፣ አብዛኛውን ከላይ ብያለሁ። ልብሳችሁ ሲጠብ ልብሱን አትፍቱ፣ ገላችሁን አስመርምሩ። ጾምን በሚመለከት ሐኪማችሁንና ንስሐ አባታችሁን እኩል እውነቱን ንገሩ። ዶክተሬን አመሰግናለሁ። ሙሉን አመሰግናለሁ፤ ለዐሥራ አንዱ እንቁላል ይቅርታም ጠይቄያታለሁ። መምሬ ፈንታ አምና ዐረፉ፤ ነፍስ ይማር።

በሪሁንን ግን እንዴት እንደማመሰግን አላውቅም። በነዚያ ዓመታት ስንት ሰው እየመጣ እኔን “እንዴት ነሽ?” ሲል እሱ ቡናውን አቅርቦ፣ ወንበሩን ስቦ ይወጣል። እሱን የጠየቀው ሰው የለም። እኔም ራሴ፣ አጠገቡ እየተኛሁ፣ አንድ ቀን “አንተስ እንዴት ነህ?” አላልኩትም። እናንተ የሚያስታምማችሁ ሰው አሁን ከቤት ካለ፣ ይህን አስቀምጡና ጠይቁት።